ቀይ ባንዲራው ላይ ለሳቃችሁት

ዛሬ ረዘም ያለ ነው፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከባለቤቷ ጋር ቱርክ፣ ካፓዶቅያ ሄዳ ነበር። ያንን ንጋት ላይ ሰማዩን በቀለም የሚሞላውን የሙቅ አየር ፊኛ ልትሳፈር። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥታ፣ ካፖርቷን ደርባ፣ ሆቴሉ በር ላይ ቆማ መኪና ትጠብቃለች። «ዛሬ በረራ የለም» ተባለች። በማግስቱም ያው። በሦስተኛው ቀን መመለሻዋ ነው። ተናደደችና ፌስቡክ ላይ ጻፈች። ፎቶም ለጠፈች፤ ቅጠል የማይነቃነቅበት ጸጥ ያለ ንጋት ነው። «ይህን ሰማይ አይታችሁ ፍረዱኝ» አለች።

እናንተም ፈረዳችሁላት። አንዱ «ፈሪዎች ናቸው» አለ። አንዱ «እኛ አገር ቢሆን አምስት መቶ ብር ጣል አድርገሽ ትበሪ ነበር» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ የተደረደረውን የሳቅ ምልክት ቆጥሬ አልጨረስኩትም። ሌላው ደግሞ «ፒያሳ ላይ ይምጣልን፣ ከዓድዋ ሙዚየም ተነሥተን እንጦጦ እንረፍ» አለ። ይሄም ብዙ ልብ ተሰጠው።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ መካከለኛው ነው። ቀልድ መሆኑ ይገባኛል፤ አራዳ ያደገ ሰው ቀልድ አይጠፋውም። ግን እኔ እዚያ ቀልድ ውስጥ አንድ ቀን ቆሜ አውቃለሁ፤ ታች ስደርስ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ስለ ባንዲራው።

ካፓዶቅያ ውስጥ «ዛሬ እንበራለን፣ አንበርም» የሚለውን የሚወስነው ትኬት የሸጠው ድርጅት አይደለም። በሲቪል አቪዬሽናቸው ሥር የሚሠራ አንድ ማዕከል የአየሩን ሁኔታ እያየ በየንጋቱ ቀለም ያወጣል። አረንጓዴ ከሆነ ይነሣሉ፣ ቢጫ ከሆነ ይጠብቃሉ፣ ቀይ ከሆነ ሁሉም ይቀራል። ትልቁም ድርጅት ይቀራል፣ ትንሹም ይቀራል፣ ሦስት ትውልድ በሥራው የኖረው አብራሪም ይቀራል። «እኔ ልምድ አለኝ» አይሠራም። «እንግዶቼ ነገ ይመለሳሉ» አይሠራም። እንግዲህ ተማሪዬን ያስቀራት ይህ ነው። የሳቃችሁት በዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። በእኛ አፍ ሁሉም ፊኛ ነው፤ የልደቱም ፊኛ፣ ይሄም ፊኛ። አንዳንዱ «ባሉን» ይለዋል። ስሙ ቀሎ ዕቃውም የቀለለ ይመስላል እንጂ ይህኛው ብዙ ፎቅ የሚያህል ቁመት ያለው ጨርቅ ነው። ከሥሩ በጋዝ የሚነድ ማቃጠያ፣ ከማቃጠያው ሥር ሰው የተጫነበት ቅርጫት። መሪ የለውም። ፍሬን የለውም። አብራሪው እሳቱን ሲጨምር ይወጣል፣ ሲቀንስ ወይም ከላይ ያለውን መክፈቻ ሲስብ ይወርዳል፣ በቃ። ወደ ጎን የሚወስደው ነፋሱ ነው። ጎበዝ አብራሪ ማለት በየከፍታው ያለው ነፋስ ወዴት እንደሚነፍስ አውቆ፣ እንደ ታክሲ አንዱን ለቆ ሌላውን የሚይዝ ሰው ነው። ታክሲው ካልመጣ ግን ጉብዝናው የትም አያደርሰውም።

ለታሪክ ወዳዶቻችሁ በዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጣል። ፊኛ በእኛ አካባቢ ሰማይ ላይ አዲስ አይደለም። ከዶጋሊ በኋላ ጣሊያኖች በ1880 ዓ.ም. ወደ ሰሐጢ ሲመለሱ የጦር ፊኛ ይዘው ነበር፤ የአፄ ዮሐንስን ጦር ከላይ ለማየት። እነዚያ በጋዝ የተሞሉና በገመድ የታሰሩ ናቸው። ነፋስ ሲመጣ ጎትቶ ማውረድ ይቻላል። ለጉብኝት የሚነሣው ግን ገመዱን ፈትቶ ነው የሚሄደው። ልዩነቱን ያዙልኝ። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊትም በአዲስ አበባ ዙሪያ ጎብኚ ይዞ የሚነሣ ድርጅት ነበር፤ ስለዚህ «ቲቸር፣ በሌለ ነገር ላይ ምን ያንጨረጭርሃል» እንዳትሉኝ። የነበረ ነገር ነው፣ ተመልሶም ይመጣል። ኬንያ ማሳይ ማራ ላይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይበራል፤ እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው። እኛ ላሊበላ፣ ሰሜን ተራሮች፣ ጣና እያለን የሚቀርበት ምክንያት የለም። ይምጣ። እኔ የምጣላው ከፊኛው ጋር አይደለም።

«ጠዋት እኮ ነፋስ የለም» ላላችሁኝ ደግሞ የክፍል ትምህርቴን ልድገም፤ በነጻ ነው።

አራዳ ተወልጄ አራዳ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ዶሮ ማነቂያ የነበረው ቤታችን በ2016 ፈርሶ አሁን የምኖረው ሌላ ሰፈር ቢሆንም፣ ጠዋት ጠዋት እግሬ ራሱ ፒያሳ ያመጣኛል። በጥቅምትና በኅዳር ንጋት ላይ እንጦጦ መንገድ ወጣ ብላችሁ ቁልቁል ብትመለከቱ ከተማዋ ነጠላ ለብሳ ታገኟታላችሁ። ጢስ ነው። የማገዶው፣ የከሰሉ፣ የመኪናው። ወደ ላይ አይወጣም፣ ተኝቷል። ለምን? ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከመሬቱ አጠገብ ያለው አየር አብሮት ይቀዘቅዛል፣ ከላይ ያለው ሞቅ ብሎ ይቀራል። ቀዝቃዛው ከባድ ስለሆነ ከሥር ይተኛል፣ ሞቃቱ እንደ ክዳን ይጫነዋል። በክፍል «ኢንቨርዥን» ብለን የጻፍነው ይህን ነው፤ የመጨረሻው ረድፍ የተኛችሁበት ምዕራፍ።

ከክዳኑ ሥር ቅጠል አይነቃነቅም። ከክዳኑ በላይ ያለው ነፋስ ግን በሌላ አቅጣጫ፣ በሌላ ፍጥነት እየሄደ ሊሆን ይችላል። ምኒልክ አደባባይ ቆሞ መሐረብ አንጠልጥሎ «ጸጥ ነው» ማለት ስለ መሐረቡ እንጂ 300 ሜትር ላይ ስላለው አየር ምንም አይነግራችሁም። ለዚህ ነው የሠለጠኑት አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት ትንሽ ፊኛ፣ ያቺን የልጆቹን የምታህል፣ ለቀው ወዴት እንደምትጠመዘዝ ቆመው የሚያዩት። ተማሪዬ የለጠፈችው ፎቶ እኮ የመሬቱን ጸጥታ ነው ያነሣው። የላዩን ነፋስ ካሜራ አያነሣውም።

በዚያ ላይ የእኛ ሰማይ የራሱ ጠባይ አለው። እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ፒያሳ 2,450 አካባቢ። ሌሊት የቀዘቀዘው አየር እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስሳል፣ የቀጨኔን፣ የግንፍሌን፣ የቀበናን ሸለቆ ይዞ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቁልቁለቱ ሲሞቅ አየሩ ሽቅብ መውጣት ይጀምራል፣ ሦስት ሰዓት አካባቢ ክዳኑ ይፈርሳል፣ ጢሱ ይበተናል፣ ከላይ የነበረው ነፋስ መሬት ይደርሳል። አርፍዶ የተነሣ ፊኛ መውረጃው ላይ የሚያገኘው ይህን ነው። ቅርጫቱ መሬት ነክቶ አይቆምም፤ ነፋሱ ጨርቁን እንደ ሸራ ይዞት ሜዳውን፣ አጥሩን፣ ድንጋዩን እያስላከከው ይሄዳል። የሰው እግር የሚሰበረው፣ ሰው ተስፈንጥሮ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ በብዙ ቦታ ደንቡ ተመሳሳይ ነው፤ ከንጋት ጋር ተነሥቶ ሙቀቱ ሳይበረታ መውረድ፣ መሬት ላይ ያለው ነፋስም በሰዓት ከ15 እስከ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ካለፈ አለመነሣት።

አየራችንም ሳስቷል። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ፊኛ ደግሞ የሚንሳፈፈው በዙሪያው ባለው አየር ክብደት ነው። በባሕር ዳርቻ 16 ሰው የሚያነሣ ጨርቅ እዚህ 16 ሰው ላንሣ ቢል ውስጡን የበለጠ ማሞቅ አለበት፤ የጨርቁ ችሎታ ደግሞ ወሰን አለው። ሐቀኛው መልስ ሰው መቀነስ ነው። ሰው መቀነስ ማለት ትኬት መቀነስ ነው። ከዚህ በኋላ ጂኦግራፊው አልቆ ሒሳቡ ይጀምራል፤ የሒሳቡን ጠባይ እናንተም ታውቁታላችሁ።

አሁን ያለንበት በልግ ደግሞ ባሰ። ባለፈው ሳምንት ከሰዓት ቸርችል ጎዳና ላይ ነበርኩ። ከላዬ ፀሐይ ናት። ጥቁሩ ደመና ያለው ወጨጫ ላይ ነው፣ ሩቅ። ድንገት አንድ ቀዝቃዛ ነፋስ መጣና አቧራውን፣ ላስቲኩን፣ የሎተሪ አዟሪውን ትኬት ሁሉ ይዞት ወጣ። ልጁ እየሮጠ ለቀመ፣ እኛም ለቀምንለት። ዝናቡ የመጣው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው፤ በረዶም ነበረበት። ይህን ነገር ስንት ጊዜ አይታችሁታል? «ነፋሱ ዝናብ አምጪ ነው» እንላለን። እውነት ነው። ከደመናው ጋር የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ሲመታ ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ከደመናው 20 እና 30 ኪሎ ሜትር ቀድሞ ሊሄድ ይችላል። መሬት ላይ ላለ ሰው ይህ የሎተሪ ትኬት ነው የሚበትነው። ቅርጫት ውስጥ ላለ ሰው ግን መውረጃ አሳጥቶ መሬት ላይ የሚጥል ነገር ነው።

ስሎቬኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 2012 የሆነው ይህ ዓይነቱ ነው። ያውም በጠዋት። ከሉብሊያና ዳር ባለው ረግረግ ላይ 32 ሰው የያዘ ፊኛ ኃይለኛው ነፋስ መትቶት ወደቀ፣ ተቃጠለ፤ 6 ሰው ሞተ። ግብፅ ሉክሶር ላይ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ነፋስ ፊኛውን ከመንገዱ አስወጥቶ ጣለው፤ የአንድ ጎብኚ ሕይወት አለፈ፣ ብዙ ሰው ተጎዳ። የዚያችው ከተማ የ2013ቱ፣ 19 ሰው የሞተበት፣ የእሳት አደጋ ነው እንጂ የአየር ጠባይ አይደለም፤ ስለዚህ ለክርክሬ አልጠቀምበትም።

ለክርክሬ የምፈልገው የቴክሳሱን ነው። ሎክሃርት ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2016። አብራሪው በዚያ ሌሊት ለአየር ትንበያ አገልግሎት ስልክ ደውሎ ነበር። የትንበያ ባለሙያው ዝቅ ያለ ደመና እንዳለና ሊያስቸግር እንደሚችል ነገረው። አብራሪው በደመናው መካከል ክፍት ቦታ ፈልገን እንወርዳለን የሚል ዓይነት መልስ ሰጠ። 15 ሰው ይዞ ተነሣ። ከሥሩ ጭጋግ ሞላ። ሲወርድ ከጭጋጉ ውስጥ የከፍተኛ ኃይል መስመር ጠበቀው። 16ቱም አለቁ። የምርመራ ቦርዱ በኋላ ሲያጣራ አብራሪው አእምሮ የሚያደነዝዝ መድኃኒት እንደወሰደም ተገኘ፤ የንግድ ፊኛ አብራሪ የጤና ምስክር ወረቀት ያምጣ የሚል ግዴታ ግን በዚያን ጊዜ አልነበረም። ይሄው ቦርድ ከአደጋው ሁለት ዓመት በፊት፣ በ2014፣ «የፊኛ ጉብኝትን እንደ ሌሎቹ የአየር ጉብኝቶች ተቆጣጠሩት» ብሎ ለአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ ጽፎ ነበር። መሥሪያ ቤቱ አደጋው አነስተኛ ነው ብሎ አልተቀበለውም። የጤና ምስክር ወረቀቱን ግዴታ የሚያደርገው ደንብ የወጣው በ2022 ነው። ይህ አሜሪካ ነው እንግዲህ። «ፈረንጅ እኮ ሁሉን ያውቃል» የምትሉ እዚህ ጋ ቆም በሉ።

እስቲ ያንን የስልክ ጥሪ አስቡት። መረጃው አልጎደለም። የሚያውቅ ሰው ነበረ፣ ተጠይቋል፣ በትክክል መልሷል። ያላወቀ የለም። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ የነገረው ሰው «አትነሣም» የማለት ሥልጣን አልነበረውም፣ ሥልጣኑ የነበረው ደግሞ ሥራውን የሚያገኘው ከመነሣቱ ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። ከመካከላችሁ በጀልባው ላይ የነበራችሁ አላችሁና ብሳሳት አርሙኝ።

1995 ዓ.ም.፣ የክበቡን ልጆች ይዤ ባሕር ዳር ሄድን። ጠዋት በሁለት ጀልባ ዘጌ ተሻገርን። ጣና እንደ መስተዋት ነበር። ገዳማቱን አየን፣ ቡና ጫካው ውስጥ ተንሸራሸርን፣ ከስድስት ሰዓት በፊት መመለስ ነበረብን። ምሳ ቆየ፣ ፎቶ ቆየ፣ ሁለት ልጅ ጠፍቶ ተፈለገ፤ ወደቡ የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ሌላ ሐይቅ ነው። ነፋሱ ተነሥቷል፣ ነጭ ነጭ ይታያል። ጀልባ ነጂው ወጣት ልጅ ነበር፤ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ እስኪበርድ ብንቆይ ጥሩ ነበር» አለኝ። የጀልባው ባለቤት በሌላኛው ጀልባ ላይ ቆሞ ሰማ። «ምንም አይሆንም፤ ከቆያችሁ ግን የሌላ ቀን ሒሳብ ነው» አለ።

እኔ ሰዓቴን አየሁ። የአውቶቡሱ ኪራይ ተከፍሏል። የልጆቹ ወላጆች በማግስቱ ማታ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይጠብቃሉ። የክበቡ ካዝና ባዶ ነው። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ በልጆቹ ፊት የፈራሁ መምሰል አልፈለግሁም። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ የሐይቅ ነፋስ ለምን ከሰዓት በኋላ እንደሚነሣ ሰሌዳ ላይ ሥዬ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። «እንሂድ» አልኩ።

የሆነውን የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። መካከል ላይ ስንደርስ ውኃው ከጎን ይገባ ጀመር። የነፍስ አድን ሰደሪያው ከልጆቹ ቁጥር ያንሳል። በምሳ ድስት ነው ውኃ የጠለቅነው። አንዷ ልጅ የእኔን እጅ የያዘችበት ቦታ ለሳምንት ጠቁሮ ቆየ። ደረስን። ነጂው ልጅ ገመዱን ሲያስር ቀና ብሎ አላየኝም፤ እኔም ላየው አልቻልኩም።

ማንም አልሞተም። ለዚህ ነው ከሃያ ዓመት በላይ እንደ ጀብዱ ስናወራው የኖርነው። በተገናኘን ቁጥር «ቲቸር፣ ያቺ የድስቷ ቀን!» እያላችሁ ትስቃላችሁ፤ እኔም አብሬያችሁ እስቃለሁ። አሁን በቃኝ። እዚያ ወደብ ላይ ሦስት ሰው ነበር። የሚያውቀው ነጂው ነው፤ ቃል የለውም። ገንዘቡ የባለቤቱ ነው። የመጨረሻው ቃል የእኔ ነበር፤ እኔ ደግሞ አፍሬ፣ ቸኩዬ፣ ለከፈልኩት ብር ስሳሳ አርባ የሰው ልጅ ጫንኩ። ያን ዕለት አንድ ቀይ ባንዲራ ወደቡ ላይ ተሰቅሎ ቢሆን ኖሮ እንዴት እንደምሳደብበት ታውቃላችሁ? «ይህን ሰማይ አይታችሁ ፍረዱኝ» እል ነበር። ባንዲራው ግን እኔን ከእኔ ያድነኝ ነበር።

እንግዲህ «አምስት መቶ ብር ጣል አድርገሽ» ያልከው ወንድሜ፣ የምትናገረው ስለ እኔ ነው።

በውስጥ መስመር የመጡልኝን መልሶች ልመልስ። «ከመኪና አደጋ እኮ ይሻላል» ያለኝ አለ። ይሁን። ሾፌር ግን መንገድ ላይ አደጋ ሲያይ ፍሬን ይይዛል፣ ዳር ይቆማል። ፊኛ ከተነሣ በኋላ ዳር የለውም። ትልቁ ውሳኔ የሚወሰነው መሬት ላይ፣ ከመነሣቱ በፊት፣ በጨለማ፣ እንቅልፍ ባጣና በከፈለ ሰው መካከል ነው። ስለዚህ ያችን ግማሽ ሰዓት ማን እንደያዛት መጠየቅ አለብን። «ቀኑ የደረሰ ሰው የትም ይሞታል» ያለኝም አለ። የእግዜርን ስም ለትኬት ሻጭ አታከራይ፤ ሌላ የምልህ የለም። «ቲቸር ቱሪዝም ይጠላል» ላላችሁት ደግሞ አንድ የወደቀ ፊኛ ቪዲዮ በስንት ደቂቃ ዓለምን እንደሚዞር ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

«ከዓድዋ ሙዚየም እንነሣ» የሚለውን ደግሞ በፍቅር ነው የማፈርሰው። ሰፈሬ ከላይ ምን እንደሚመስል ማየት እኔም እፈልጋለሁ፤ ጊዮርጊስን፣ ጣይቱ ሆቴልን፣ የተረፈውን ፒያሳ። ግን የት ነው የምንወርደው? ፊኛ መውረጃውን አይመርጥም፣ ነፋሱ ከሚሰጠው ሜዳ ውስጥ ነው የሚመርጠው። ከአራዳ ላይ ነፋሱ የሚሰጠን ጣሪያ፣ ሽቦና አስፋልት ነው። ጃንሜዳ ላይ ለማረፍ ጃንሜዳ ላይ የሚያልፍ ነፋስ ይፈልጋል። የፒያሳ ሽቦ መሬት ውስጥ ገብቷል ትሉኛላችሁ፤ ቀጥሎ ያለው ሰፈርስ? ቦሌ ደግሞ በቀጥታ ቢለካ አሥር ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ አውሮፕላን እየወረደ «ትንሽ ዞር በል» ሊባል የማይችል ነገር እዚያ ሰማይ ላይ ማሰብ ራሱ ያስቃል። በገመድ ታስሮ ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ የሚመለስ ከሆነ፣ እሱንም ነፋስ በሌለበት ንጋት፣ እሺ፣ እንነጋገር። ገመድ ፈትቶ የሚሄደው ግን ከከተማ ውጭ፣ ሰፊ ሜዳ ያለበት ነው የሚገባው።

ሲመጣ ታዲያ የምጠይቀው ይህ ነው፤ ዛሬ፣ ማንም ሳይሞት፣ ሰው በቀዘቀዘ ልብ ማሰብ በሚችልበት ሰዓት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባል የለ?

የመብረርና ያለመብረር ውሳኔ ከትኬቱ ሳንቲም ከማይደርሰው ሰው እጅ ይሁን። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት አየሩን የሚለካ፣ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሚፈርም፣ ቀለሙ ከመነሻ ሰዓት በፊት ሁሉም በስልኩ የሚያየው። የላዩ ነፋስ ይለካ፤ የቦሌ የምድር ነፋስ ለሌላ ሸለቆ አይበቃም። ቀይ በወጣ ቀን ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለስ። «ለሌላ ቀን ይዞርልሃል» አይሠራም፤ ጎብኚው ነገ አገሩ ነው። ገንዘቡ እንደሚመለስለት ያወቀ ሰው አብራሪውን አይጨቀጭቅም፤ ልክ እኔ ያን ቀን የሌላ ቀን ሒሳብ ባልጠየቅ ኖሮ ምናልባት እንደማልቸኩለው። አብራሪው ደግሞ ያልበረረበት ቀን ደመወዙ አይቆረጥ። ይህ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። በበረራ ቁጥር የሚከፈለው ሰው ፊት ቀይ ባንዲራ ማለት የልጆቹ ወር ቀለብ ነው፤ እንዲህ ያለውን ፈተና በየንጋቱ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ማስቀመጥ ግፍ ነው። የጫናው ልክም በእኛ ከፍታ ተሰልቶ ቅርጫቱ ላይ ይጻፍ፤ ከፋብሪካው የመጣው ቁጥር ብቻ አይበቃም።

ወጪ አለው? አለው። ትኬቱ ይወደዳል። ባለሀብቱ «አያዋጣኝም» ሊል ይችላል። ካላዋጣው አይምጣ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ከተማሪዎቼ መካከል አቪዬሽን ውስጥ የምትሠሩ፣ ሜትሮሎጂ ውስጥ የምትሠሩ፣ አስጎብኚ የሆናችሁ ብዙ ናችሁ፤ ስማችሁን አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። የሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። ለፊኛ ጉብኝት የተጻፈ ደንብ በእጃችሁ ካለ እዚህ ለጥፉት፣ ሰዉ ያንብበው። ከጻፋችሁትም በላይ፣ በሥራችሁ ላይ «ዛሬ አይሆንም» ብላችሁ የተሰደባችሁበት ቀን ካለ ንገሩን፤ እስከ ዛሬ ያላመሰገናችሁ ሰው ካለ እኔ ላመስግናችሁ።

ለዚያች ልጄም ትናንት ማታ ደወልኩላት። መጀመሪያ ተቆጣችኝ፤ «ቲቸር እርስዎም ከእነሱ ወገን ሆኑ?» አለችኝ። ሆንኩ አልኳት። ገንዘቡን መለሱልሽ ወይ? መልሰዋል። ታዲያ ለምን ጽሑፉ ላይ አልጻፍሽውም? ትንሽ ዝም አለችና ሳቀች። ጠዋት አስተካክላዋለች፤ ሄዳችሁ አንብቡ፣ የሳቅ ምልክታችሁንም አንሡ።

የድስቷ ቀን ጀልባ ነጂ ይህን ካነበበ፣ ወይም የሚያውቀው ሰው ካለ፣ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። አንድ ያልነገርኩት ነገር አለኝ።

አስተያየት መስጫው ክፍት ነው። ስድብ አጠፋለሁ።